አጥሩ የማን ነው?

ነገሩ የተጀመረው ፒያሳ፣ ቶሞካ ቆመን ቡና ስንጠጣ ነው። በደን ሙያ የሠለጠነ አንድ ወዳጄ ስኒውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፦ «ሊጠፋ የደረሰ ተክል ማዳን ትፈልጋለህ? ሰውየውን አርቅ። ወይ እጠረው፣ ወይ ነቅለህ የዕፅዋት ማዕከል አስገባው፣ ወይ ዘሩን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆልፈህ ተኛ። ተክሉን የሚጨርሰው አጠገቡ የሚኖረው ሰው ነው።» አጠገባችን የቆሙት ሁለት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ዕለት አልመለስኩለትም። ሰው ይገፋናል፣ ቡናውም እየበረደ ነበር። ዛሬ ግን ልመልስለት ነው።

ይህ የእሱ ብቻ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አላበላሽም ነበር። ነገር ግን የዘመኑ ሐሳብ ነው። በስብሰባ አዳራሽ ይነገራል፣ በሪፖርት ይጻፋል፣ በሬዲዮ ይደገማል። «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ስለሌለው» ብሎ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር ሁሉ የሚቀዳው ከዚህ ምንጭ ነው። ተፈጥሮ ማለት ሰው የሌለበት ቦታ ሆኗል። ሰው ያለበት ቦታ፣ በተለይ ሰውየው ድሃ ከሆነ፣ ተፈጥሮ ተብሎ አይቆጠርም። እኔ ደግሞ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ልጅ ነኝ። ስሙን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ይሳቅ። እዚያ ያደገ ሰው ግን «አጠገቡ የሚኖረው ሰው» ሲባል የሚነገረው ስለ እሱ መሆኑን ቶሎ ይገባዋል።

ወዳጄ ባዶ እጁን አልመጣም። ማስረጃው ከሩቅ ደሴት የመጣ የቡና ዘመድ ነበር። ከእሱው እንጀምር፤ ጥሩ ማስረጃ ነውና። ችግሩ ለባለቤቱ አለመመስከሩ ነው።

ሮድሪገስ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች፣ የሞሪሸስ አካል የሆነች ትንሽ ደሴት ናት። ስፋቷ 108 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ አምስት እጥፍ ገደማ ትበልጣታለች። በዚያች ደሴት ላይ ብቻ የሚበቅል፣ አበባው ነጭ፣ ከቡና ቤተሰብ የሆነ አንድ ቁጥቋጦ አለ። የሳይንስ ስሙ ራሞስማኒያ ሮድሪጌሲ ነው፤ የአገሬው ሰው ግን ካፌ ማሮን ይለዋል። ማሮን በእነርሱ አነጋገር አምልጦ ዱር የገባ ማለት ነው። ከጌታው አምልጦ ጫካ የገባውን ባሪያም በዚሁ ቃል ይጠሩት ነበር። እኛ ብንሆን «የሸፈተ ቡና» እንለው ነበር።

ይህ የሸፈተ ቡና ጠፍቷል ተብሎ ከተደመደመ ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ገደማ አንድ መምህር ለተማሪዎቹ የደሴቷን ጥንታዊ ዕፅዋት በሥዕል ያሳያል፤ «ያየ ያምጣልኝ» ይላል። አንድ ልጅ ቅርንጫፍ ይዞ መጣ። ቅርንጫፉ ተመረመረ፤ ካፌ ማሮን ሆኖ ተገኘ። በዓለም ላይ የቀረው አንድ እግር ብቻ ነበር። ወሬው በደሴቷ ተዛመተ። ሕዝቡ ደግሞ ተክሉ የአባለ ዘር በሽታና ስካር ያደረበትን ራስ ምታት ያድናል ብሎ ያምን ስለነበር ሌሊት እየመጣ ቅርንጫፉንና ቅጠሉን ይወስድ ጀመር። አጥር ታጠረ። አጥሩ ሲታይ «ይህን ያህል የታጠረ ነገር ቢኖረው ነው» ተባለና ሌባው በዛ። አጥር ላይ አጥር ተደረበ። አጥሩ በጨመረ ቁጥር የተክሉ ዝናም ጨመረ።

እ.ኤ.አ. በ1986 ከተክሉ የተቆረጡ ቅርንጫፎች በአውሮፕላን ለንደን፣ ኪው የዕፅዋት ማዕከል ደረሱ። አንዱ ሥር ሰደደ። ከእሱም ሌሎች ተባዙ፣ አበቡ። ግን አላፈሩም። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ አበባው ይፈካል፣ ይረግፋል፣ ፍሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ካርሎስ ማግዳሌና የተባለ ስፔናዊ አትክልተኛ የአበባውን ብናኝ በእጁ እያዳረሰ፣ ሙቀቱን እየለዋወጠ፣ ደጋግሞ ሞክሮ ፍሬ አስያዘው። ዘሩም ውሎ አድሮ ወደ ደሴቷ ተመለሰ።

የወዳጄ ትምህርት ቀላል ነው፦ የአገሬው ሰው ሊጨርሰው ነበር፣ የኪው የመስታወት ቤት አዳነው። ታሪኩን እንደገና እናንብበው።

በመጀመሪያ፣ ተክሉን አንድ እግር ያስቀረው ማን ነው? ሌሊት የመጡት ሰዎች አይደሉም። እነርሱ ሲደርሱ አንድ እግር ብቻ ቀርቶ ነበር። ጫካው በሰፋሪዎች ተመንጥሯል፣ ተቃጥሏል። መርከበኞች ደሴቷን እንደ ሥጋ መጋዘን ቆጥረው ግዙፎቹን ኤሊዎች በአሥር ሺዎች እየጫኑ ወስደዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የሮድሪገስ ግዙፍ ኤሊ አልቆ ነበር። በቦታው ፍየልና ከብት ገባ። ይህን ሁሉ ያደረገው ትልቅ ሥርዓት ነው፤ መርከብ፣ ንግድና አስተዳደር ያለው። የመጨረሻውን ቅርንጫፍ የቆረጠው ግን በሽታው የጠናበት ድሃ ነውና ስሙ በጥፋተኝነት የሚነሣው የእሱ ነው። ዘጠና ዘጠኙን የወሰደ ይረሳል፣ አንዱን የነካ ይከሰሳል።

ሁለተኛው ነገር ከሁሉ ይገርመኛል። ካፌ ማሮን ልጅ ሳለ ቅጠሉ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቡናማ መልክ ያለው ነው፤ ደረቅ ሣር ይመስላል፣ ለዓይን አይሞላም። ሲያድግና ቁመቱ ሲያልፍ ግን ቅጠሉ ሰፊና አረንጓዴ ይሆናል። አጥኚዎች እንደሚሉት ይህ ከኤሊ መሸሸጊያ ነው። ኤሊ አንገቱን ዘርግቶ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ተክሉ ራሱን ይደብቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ይገለጣል። እንግዲህ ተክሉ ድሮም አጥር ነበረው። አጥሩን የሠራው ግን ከጎረቤቱ ጋር ብዙ ሺህ ዓመት ኖሮ፣ የጎረቤቱን አንገት ለክቶ ነው። ላልለካው ፍየል ያ አጥር አልሠራም፤ በኋላ የመጣው ሽቦም ላልጠየቀው ሕዝብ አልሠራም።

ሦስተኛ፣ ተክሉን ያገኘው ማን ነው? ሳተላይት አይደለም፣ ከውጭ የመጣ የጥናት ቡድንም አይደለም። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ተማሪ ነው፤ እንዲያይ ያስተማረውም የሰፈር መምህር ነው። ወዳጄ «አርቀው» የሚለው ሰው ባይኖር ኖሮ ኪው የሚደርስ ቅርንጫፍ አይኖርም ነበር። አገኘ ያልነውን ልጅ ረስተን ቆረጠ ያልነውን ሰው የምናስታውሰው ለምንድን ነው? ሁለቱ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው።

አሁን ወዳጄ የሚለውን አውቃለሁ፦ «ያም ሆነ ይህ ኪው ባይኖር ተክሉ ሞቶ ነበር።» እውነት ነው፤ አልክድም። ለመስታወቱ ቤትም ለማግዳሌና ትዕግሥትም ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ነገር ግን ማቆየት ሌላ፣ ማዳን ሌላ ነው። ከ1986 እስከ 2003 ድረስ 17 ዓመት ተክሉ ቆይቷል እንጂ አልዳነም። አበባ ያለው ፍሬ የሌለው ነገር «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። የዳነው ዘር ጥሎ፣ ዘሩ አገሩ ገብቶ፣ የአገሩ ሰው አፈር ሲያለብሰው ነው። የመስታወቱ ቤት ድልድይ ነው። ወዳጄ ግን ድልድዩ ላይ ቤት ሠርተን እንኑር ይለናል።

ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ አገራችን እንመለስ። ባሕር ባይኖረንም ደሴት አለን። ጣና ላይ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ በደን ተከናንበው አሉ። ከእነርሱ የሚበዙት ደግሞ ውኃ የሌለባቸው ደሴቶች ናቸው። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ከከፍታ ሆኖ ቁልቁል ያየ ሰው ያውቀዋል፦ እስከ አድማስ የታረሰ ማሳ፣ በመሐሉ ጉብ ጉብ ያለ ጥቁር አረንጓዴ፣ በየጉብታው መካከል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ኮሶው በማሳ ባሕር ተከቦ የቀረው እዚያ ነው።

እነዚህን ደኖች አጥንቶ ለዓለም ያሳወቀው፣ ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» ደራሲነቱ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ነው። በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምሮ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። ነገር ግን ሌላም ነገር አየ። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፣ ዘርም ይጥላሉ፤ ከሥራቸው ግን ልጅ የለም። የበቀለውን ከብት ይበላዋል፣ ይረግጠዋል። አያቶች ብቻ የቀሩበት ቤት ማለት ነው። ይህ የኪው አበባ ታሪክ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ፍሬው መጥፋቱ፣ እዚህ ቡቃያው መጥፋቱ ብቻ ነው።

መፍትሔውስ ምን ሆነ? አጥር! ወዳጄ እዚህ ላይ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ይበል፤ ግን አጥሩን ቀርቦ ይመልከተው። ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ጋር ሆኖ ቄሶቹን ሰብስቦ ተነጋገረ፤ ከሰማይ የተነሣውን ፎቶግራፍ አሳያቸው፤ ደናቸው እንዴት እያነሰ እንደሄደ በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በኋላ ገበሬው ከገዛ ማሳው ድንጋይ እየለቀመ ካብ ካበ። ማሳው ከድንጋይ ጸዳለት፣ ማረሻው ሰላም አገኘ፣ ደኑም ካብ አገኘ። ካቡ ከብትን ይከለክላል እንጂ ሰውን አይከለክልም፤ በሩ ለቀዳሹም ለአስቀዳሹም ክፍት ነው። ሮድሪገስ ላይ ሽቦው የጉጉት ምንጭ ሆነ፤ እዚህ ካቡ የክብር ምልክት ሆነ። ሁለቱም አጥር ናቸው። ልዩነቱ ማን አጠረው፣ ከምን አጠረው፣ ከማን ለመከላከል አጠረው የሚለው ነው። ስለዚህ እኔ አጥር አልጠላም። የምጠይቀው አጥሩ የማን ነው ብዬ ነው።

ከጣና ዳር ሳንርቅ ዘጌን እንመልከት። ባሕረ ገብ ምድር ነው፤ ደሴት ለመሆን ጥቂት የቀረው። ዘጌ በደን ተሸፍኖ የኖረው ሰው ስላልኖረበት አይደለም፤ ሰው ጢም ብሎ ኖሮበታል። በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳማቱ ሥርዓት የተከለከለ ሆኖ ስለኖረ ሕዝቡ ከዛፍ ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ እየለቀመ ኖረ። ዛፉ ከተቆረጠ ቡናው ይሞታል፤ ቡናው ከሞተ እንጀራው ይቋረጣል። እንዲህ ያለ ሰው ዘበኛ አያስፈልገውም፤ ዘበኛው ራሱ ነው።

ቡና ካነሣን ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። እኛ ፒያሳ ቆመን የምንጠጣው አረቢካ፣ ከደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ወጥቶ ዓለምን የዞረው፣ በዱር ያለው ዘሩ ዛሬ ለመጥፋት ከተጋለጡት መዝገብ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኪው ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት በዓለም ካሉት 124 የዱር ቡና ዝርያዎች 75ቱ የመጥፋት አደጋ አለባቸው። ዓለም በየማለዳው የሚጠጣው አረቢካም በዱር ቤቱ ስማቸው ከተጻፈው አንዱ ነው። «ዘሩን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆልፈህ ተኛ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይሰበራል። የቡና ዘር እንደ ስንዴ አይደለም፤ አድርቀህ፣ አቀዝቅዘህ ለሃምሳ ዓመት ልታስቀምጠው አትችልም። ስለዚህ ጅማ አካባቢ ጮጬ የሚገኘው የቡና ዘረ መል ባንክ መስክ ነው፤ አፈር ላይ የቆመ፣ የሚታረም፣ የሚጎበኝ ዛፍ ነው። ባንኩ ራሱ ገበሬ ይፈልጋል። ከፋና ያዩም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ሲመዘገቡ የደኑ እምብርት እንዲጠበቅ፣ በዙሪያው ያለው ሰው ግን ቡናውን እየለቀመ እንዲኖር ተደርጎ ነው። ለቃሚው ከወጣ፣ ደኑን ከበቆሎ ማሳ የሚለየው ነገር ምንድን ነው?

ዘር ያለ ገበሬ እንደማይጠበቅ አገራችን ቀድማ አውቃ ነበር። የዕፅዋት ዘር ማከማቻችን እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን እርዳታ ተቋቋመ። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሰው የዘሩን እህል እየበላ በነበረበት ጊዜ፣ ከገበሬው ዘር የሰበሰቡ ሰው ናቸው። ሰብስበው ቢቆልፉ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር፤ ማቀዝቀዣውም ነበራቸው። እሳቸው ግን ዘሩን ወደ ወሎና ሸዋ ገበሬ መልሰው፣ ገበሬው እየዘራ፣ እየመረጠ፣ እያሻሻለ እንዲጠብቀው አደረጉ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር የተቀመጠበትን ዓመት ብቻ ያውቃል፤ ማሳ ላይ ያለ ዘር ግን የዘንድሮን ዝናብ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለው ሽልማት የተሰጣቸው ለዚህ ነው። ወዳጄ ሆይ፣ ከለንደን ምሳሌ ከማምጣትህ በፊት እዚሁ ጠይቅ።

ወደ አዲስ አበባችን ስንመጣ ደግሞ የወዳጄ ሐሳብ ሌላ ልብስ ይለብሳል፦ «አረንጓዴ ሁሉ አንድ ነው።» ለዚህ በሽታ ታሪክ አለን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከተማዋ ማገዶ አልቆባት ልትነሣ ስትል ያዳናት ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው፤ ስሙም ባሕር ዛፍ ሆኖ ቀረ። ባለ ውለታ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ከዚያ ወዲህ ዛፍ ማለት ቶሎ የሚያድግና የሚቆጠር ነገር ሆነብን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። ሕዝብ አካፋ ይዞ መውጣቱ መልካም ነው፤ እኔም ወጥቻለሁ። ቋንቋችን ግን ከቁጥሩ የበለጠ ያውቃል። አማርኛ ለችግኝ ሦስት ደረጃ አለው፦ ተተከለ፣ ጸደቀ፣ አፈራ። እኛ የምናከብረው የመጀመሪያውን ነው። ስለ ሁለተኛው አልፎ አልፎ እንጠይቃለን። ሦስተኛውን የሚጠይቅ የለም። ከተተከለው ውስጥ ስንቱ ኮሶ፣ ስንቱ ዝግባ እንደነበር ደግሞ በበዓሉ ማይክራፎን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ሰፈሬን ላሳያችሁ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። የዓድዋ መታሰቢያ በተመረቀበት ዓመት፣ ኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ነው። ቆርቆሮው፣ ጭቃ ግድግዳው፣ ሁለት ሰው የማያሳልፈው መንገድ ሄደ። ከሽንት ቤቱና ከጣሪያው ፍሳሽ የምናፍቀው ነገር የለኝም፤ የኖረበት ያውቀዋል። ዛሬ ከዚያ አካባቢ ሲያልፉ ሣር አለ፣ ዘንባባ አለ፣ ማታ መብራት አለ። ወዳጄም ያን ዕለት ከቶሞካ ስንወጣ «አየህ፣ አረንጓዴ ሆነላችሁ» ብሎኛል።

አረንጓዴ እኮ ነበር። በየግቢው በር ላይ፣ በዘይት ቆርቆሮና በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ አሪቲ፣ ዳማ ከሴ ነበር። ልጅ ጉንፋን ሲይዘው ዳማ ከሴው የማን ግቢ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ቡና ሲፈላ «ሂድ እትዬ ጋ ትንሽ ጤና አዳም ቁረጥ» ይባላል። ለዚህ ሁሉ ቁጥር የያዘ ሰው አልነበረም፤ ስም የያዘ ግን ሁሉም ነበር።

ዕቃ በሚጫንበት ሳምንት አንዲት ጎረቤታችን ጤና አዳማቸውን ከነአፈሩ በሰማያዊ ጀሪካን አድርገው አይሱዙው አጠገብ ቆመው አየኋቸው። ቁም ሳጥኑ ተጭኗል፣ አልጋው ተጭኗል። ሾፌሩ ከላይ ሆኖ «ማዘር፣ አፈር አልጭንም» አለ። እሳቸውም «አፈር አይደለም ልጄ፣ ጤና አዳም ነው» አሉት። ሾፌሩ ትንሽ አሰበና እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው፤ ጋቢና ውስጥ እግሩ ሥር አደረገው።

ከወራት በኋላ ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጀሪካኑ በረንዳ ላይ አለ። ተክሉም አለ፤ ነገር ግን ግንዱ እንጨት ሆኖ፣ ረዝሞ፣ ቅጠሉ ከላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። «ምን ሆነ?» አልኳቸው። «ማን ይቆርጠዋል?» አሉኝ። «ጤና አዳም ካልተቆረጠ ይገረጅፋል። እዚያ ሁሉም ሲቆርጥ ነው ሲያበቅል የኖረው። እዚህ በሬን የሚያንኳኳ የለም።»

ጤና አዳም ሊጠፋ የደረሰ ተክል አይደለም። ጭንቀቴ ስለ እሱ አይደለም። ግን ወዳጄ በአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ያልተማረውን ነገር እኒያ ሴት በአንድ ዐረፍተ ነገር ነግረውኛል፦ መቁረጥ ሁልጊዜ ማጥፋት አይደለም። ተክል አለ በመቆረጥ የሚኖር፤ ሰፈር አለ እየቆረጠ የሚጠብቅ።

በዶሮ ማነቂያ አዛውንት ዘንድ ኮሶ ይታወስ ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶ አበባ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ በባዶ ሆዱ ይጠጣ ነበር። መራራ ነው፤ «እንደ ኮሶ መረረኝ» የምንለው የቀመሱት ስለነገሩን ነው። ከዚያ ክኒን መጣ፤ እሰየው። ኮሶ ግን ፈላጊ ሲያጣ ጠባቂም አጣ። ከደጋው አገር እየሳሳ፣ እየተቆረጠ ለጣውላ ሄደ። የሳሳው ሰው ስለበዛበት ነው ወይስ ስለረሳው? ልብ በሉ፣ ኮሶ ወንዴና ሴቴ ለየብቻ የሆነ ዛፍ ነው። ቀላ ያለ አበባዋን ዘርግፋ የምትታየው ሴቷ ናት፤ ለመድኃኒትም የሚፈለገው የእሷ ነው። አንድ ኮሶ በአንድ ግቢ ብቻውን መቶ ዓመት ሊቆም ይችላል፤ ዘር ግን አይወጣለትም። ጎረቤት ያስፈልገዋል። ለተክልም ቢሆን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል።

የመጨረሻውን መከራከሪያ እንስማ፦ «ሰው ካልተከለከለ ለማገዶ ይጨርሰዋል፤ እንጦጦን አላየህም?» አይቻለሁ። ሰው ያጠፋል፣ ረሃብተኛም ያጠፋል፣ ባለ መጋዝ ነጋዴ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያጠፋል። ነገር ግን የሚያጠፋው የትኛው ሰው እንደሆነ እንለይ። ነገ ይነሣል የተባለ ሰው ዛፍ አይተክልም፤ የተከለውም ፍሬውን እንደማያይ ካወቀ ዛሬውኑ ይቆርጠዋል። ደኑ «የመንግሥት» ነው ሲባል የማንም ይሆናል፤ የማንም ሲሆን የቀደመው ይቆርጣል። ሮድሪገስ ላይ ሌሊት የሚመጡት ሰዎች የበዙት ተክሉ ተቆጥሮ፣ ታጥሮ፣ ከእነርሱ የተወሰደ መሆኑን ሲያዩ ነው። በደቡብ ጎንደር ገበሬው ድንጋይ የተሸከመው ደኑ የደብሩ፣ ደብሩም የእሱ ስለሆነ ነው። አጥፊውንና ጠባቂውን የሚለያቸው ግንዛቤ አይደለም፤ ነገ በዚያ ቦታ እኖራለሁ ብሎ ማመን ነው።

ስለዚህ ለወዳጄ መልሴ ይህ ነው። ማቀዝቀዣው ይኑር፣ ጉለሌ ያለው የዕፅዋት ማዕከልም ይስፋ፣ የመስታወቱም ቤት ይሠራ። ግን የዳነ ተክል ብለን የምንጽፈው፣ አፍርቶ፣ ዘር ጥሎ፣ ስሙን በሚያውቅ ሰው ደጅ ሲበቅል ብቻ ይሁን። ያልሆነውን «ቆይቷል» እንበል፤ አማርኛ ቃል አልቸገረውም።

ለአንባቢ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በመጪው ክረምት ችግኝ የሚያድል ሰው ደጃችሁ ሲመጣ «ስንት ነው?» አትበሉት፤ «ማን ይባላል?» በሉት። ስሙን ካላወቀው ከሰፈሩ አዛውንት ጠይቁ። ኮሶ ከሆነም አንድ ብቻ ተክላችሁ እንዳትገቡ፤ ጎረቤታችሁንም ቀስቅሱና እሱም ይትከል።